ንጣፏ ስትመረምረኝ

ትናንት ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋና ላቦራቶሪው ውስጥ ወንበር ላይ ሸለብ አደረገኝ። የሕልም ነገር፣ ጉድ አየሁ።

ያቺ ዓመቱን ሙሉ የለፋሁባት ንጣፍ፣ ውፍረቷ የአንድ አተም ብቻ የሆነችው፣ ነጭ ጋውን ለብሳ ቆማለች። ለመመረቂያዬ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ሌላ የለኝም። እኔ ደግሞ እንደ ወረቀት ስስ ሆኜ በሁለት ብረቶች መሃል ተዘርግቻለሁ። አማካሪዬ ዶክተር ገዛኸኝ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እርሳስ ይቀርጹላታል። ደስ ብሏቸዋል።

«ወይንሐረግ፣ አትንቀሳቀሺ። ነገ የመመረቂያ ዲፌንሴ ነው» አለችኝ ንጣፏ።

«የኔ ነው እንጂ!»

«ኧረ ባክሽ! አንቺ ናሙና ነሽ።»

ቀና ብዬ ሳይ ግራ ትከሻዬ ላይ ኤሌክትሮኖች ተሰልፈዋል፤ ዘንቢል ያንጠለጠሉ፣ ልጅ ያዘሉ። ወደ ቀኝ መሻገር ፈልገዋል፤ ደረቴ ላይ ግን ገደል አለ።

«እናትዬ፣ አሳልፊን እንጂ፤ መሸብን» አሉኝ።

«እኔ ምን ላድርግ? ተፈጥሮዬ ነው» አልኳቸው። አሳዘኑኝ።

ንጣፏ የቮልቴጅ ማሽኑን መጠምዘዣ ትንሽ አዞረችው። የኤሌክትሪክ መስኩ ከላይ እስከ ታች ውርር አደረገኝ። አያምም። ማንም ሳይነካኝ ገደሉ ጠበበ። ስትጨምርበት የአንድ እርምጃ ያህል ሆነና ኤሌክትሮኖቹ እልል እያሉ ተሻገሩ። ስትመልሰው ደግሞ ሰፋ፤ አንዲት አሮጊት ኤሌክትሮን ወዲህ ማዶ ቀሩ።

«ወይኔ ልጄን!» አሉ።

«ኧረ መልሺላቸው!» አልኩ።

«አየሽ? አንድ አተም ሳልቀንስብሽ ጸባይሽን ቀየርኩት» አለችና እንባዋ መጣ። «ተመረቅኩ ማለት ነው!»

ወዲያው አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ፈታኞቹ በር ላይ ተሰልፈው «እኛን ጠይቂን» እያሉ ይለምኗታል። አንዱ ግን «እስቲ እስከ መጨረሻው አዙሪው» አላት።

«ተይ! ከበዛ እቃጠላለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

አምፖሉ ቦግ ብሎ ቀሰቀሰኝ። መብራት መጥቷል፤ እንደ ልማዱ ኃይሉ ከልክ በላይ ሆኖ። ዶክተር ገዛኸኝ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰዋል። ዞር አሉልኝና በማይክሮስኮፑ አየሁ። ንጣፏ በነበረችበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ብቻ ቀርቷል።

«መብራት ሲጠፋ ከንጣፏ ጋር የተያያዘውን የቮልቴጅ ማሽን ለምን አልዘጋሽውም?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ቤት አምፖሉን እንደምንተወው ነው የተውኩት» አልኩ። «መብራት ሲመጣ እንዳውቅ ብዬ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ አወቅሽ?» አሉኝ።