ጥርሴን ልፍቅበት የነበረው ዛፍ

ብሩሽ አልወድም። ልጆቼ ጥርሳቸውን በፕላስቲክ ይፈትጋሉ፤ ይፈትጉ። የእኔ ጥርስ በሰባ ስምንት ዓመቴ አንድም አልጎደለም። የጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር ቼክ አድርጎ ተገርሟል። ሌላ ምስጢር የለውም፣ መፋቂያ ነው። ግን ለንደን ላይ ወይራ ከየት ይምጣ? የሰፈሬን የስትሪትሃምን ዛፍ አንድ በአንድ ሞክሬዋለሁ፤ ሁሉም ገለባ።

የምናስቀድሰው በኪራይ ነው፣ በእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን። ግቢው የመቃብር ድንጋይ ብቻ ነው፤ መካከሉ ላይ አንድ ዛፍ አለ። ጥድ ይመስላል፣ ጥድ ግን አይደለም። ግንዱ ቀላ ያለ፣ ጥላው ጥቁር፣ ሆዱ ክፍት፤ አራት ሰው ያስቆማል። ከሥሩ ሣር አይበቅልም። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ከሱ በኋላ ነው የመጣው ይላሉ።

በኛ አገር የደብር ዛፍ የሰበረ እጁ ይደርቃል። ይህን እያወቅሁ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ፣ የፈረንጅ ግቢ ነው፣ እዚህ ማን ያውቀኛል ብዬ አንዷን ቅርንጫፍ ቀጭ! አድርጌ ሰበርኳት። ጫፏን ወደ ጥርሴ ሳስጠጋ ከዛፉ ሆድ ውስጥ ድምፅ ወጣ። ዝግ ያለ፣ የደከመው ድምፅ።

«ተይ፣ ልጄ» አለኝ።

ልጄ የሚለኝ ሰው ሁሉ አፈር ከለበሰ ስንት ዘመኑ! አንገቴን ወደ ሆዱ አሰገግሁ። ማንም የለም። እርጥብ ጨለማ ብቻ። ነፋስ አልነበረም፤ ቅጠሉ ግን ይንቀጠቀጣል።

የግቢው ጠባቂ፣ አንድ ሽበታም እንግሊዝ፣ እንጨቷን በእጄ አይቶ እየሮጠ መጣ። ቀምሰዋል ወይ፣ ውጠዋል ወይ አለኝ። ጥርሴን ነክታው እንደሆነ እኔም አላወቅሁም። ቅጠሉም ልጣጩም መርዝ ነው፣ ልብ ያቆማል፣ ፈረስ ይጥላል አለ። አፍዎን ይክፈቱ አለኝ። ባሌ እንኳ እንዲህ ደፍሮኝ አያውቅም፤ ነፍስ ግን ትጣፍጣለችና ከፈትኩ። ውሃ አምጥቶ አስጉመጠመጠኝ። አምቡላንስ ልጥራ ቢል ምን ቆርጦኝ አልኩ። እንግዲህ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ልቤ ትቆም እንደሆነ መጠበቅ ያዝን። እሱም ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ።

በዚያው ስለ ድምፁ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። በምን ቋንቋ ነው ያናገረዎት አለ። በአማርኛ አልኩት። ዛፉን አየ፣ መሬቱን አየ።

«እኔን በልጅነቴ፣ ፍሬውን ልበላ ስል፣ በእናቴ ቋንቋ ነው ያናገረኝ» አለ። እናቱ የዌልስ ሰው ነበረች፤ እነሱ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው።

ይኸው አልሞትኩም። ጓደኛዬ እትዬ ብርቄ ስትሰማ አለቀሰች። እግዜር በዛፍ አድሮ አተረፈሽ፣ ስለት አግቢ አለችኝ። እኔ ግን አስቤበታለሁ። ሥሩን ሙታን መሀል ሰዶ ያን ሁሉ ዘመን የኖረ ፍጡር ለአንዲት አሮጊት የሚያዝን ይመስላችኋል? ጣቱን ሰብሬ ጥርሴን ልፍቅበት ስል ከፍቶት ነው የተናገረው። ያም ሆኖ ጨዋ ነው። እኔ እሱን ብሆን፣ ዝም ብዬ አሮጊቷን መርዙን አስቀምሳት ነበር።