የወደቀ ሰው ሲቆጠርበት

ያለቀ ነገር ላይ መከራከር ምን እንደሚጥመን እስከዛሬ አልገባኝም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ እኛ ግን ጣሳ ይዘን ከመሬቱ ጋር ስንታገል ነው የምንውለው። ሰርጉ ካለፈ፣ ሙሽሮቹ ልጅ ከወለዱ በኋላ ጥሎሹ አንሶ ነበር ብለን እንኳረፋለን። ስለ ነገ ግን ትንፍሽ አንልም። አይፈረድብንም፤ ያለፈው ቢያንስ ተመልሶ አይመታም።

እንዲህ ያስባለኝ አንድ የቦክስ ግጥሚያ ነው። ያ ዓለም ሁሉ የሚፈራው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ማንም ከቁም ነገር ባልቆጠረው ሰው የተዘረረበትን ግጥሚያ፣ እኛ ቦሌ ሚካኤል ውስጥ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በቪዲዮ እየደጋገምን እናይ ነበር። የምናየው ጋሽ ወርቁ ቤት ነው። ጋሽ ወርቁ ሶፋ ጠጋኝ ነው፤ ከፊት ይሠራል፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ይኖራል። የምንቀመጠውም ለጥገና መጥቶ ተራ በሚጠብቅ የሰው ሶፋ ላይ ነው። የእኔም ሶፋ እዚያው ነበር። ቤቴ በርጩማ ላይ እየዋልኩ፣ እሁድ ሲሆን በገዛ ሶፋዬ ላይ እንደ እንግዳ እቀመጣለሁ። «ነገ ይደርሳል» ይለኛል። እሺ እለዋለሁ።

ክርክሩ እንዲህ ነው። ሻምፒዮኑ ከመሸነፉ በፊት ያንን ሰው አንዴ በቡጢ ብሎ ጥሎታል። ዳኛው ቆጠረ፤ ሰውየው አስር ሳይሞላ ተነሳ፤ ኋላም ሻምፒዮኑን ዘረረው። ዳኛው ሲቆጥር አዝግሟል ወይስ አላዘገመም? ጋሽ ወርቁ በላስቲክ የተጠቀለለችውን፣ ከእሱ በቀር ማንም የማይነካትን ሪሞቱን ያነሳና ወደኋላ ይመልሳል፤ ከዚያ የግድግዳ ሰዓቱን እያየ ራሱ ይቆጥራል። በእሱ ቆጠራ ሰውየው ገና ከወገቡ ሳይቀና አስር ይሞላል።

«ሕግ ሕግ ነው፤ አስር ማለት አስር ነው» ይላል።

አጠገቡ የሚቀመጠው የልጅነት ጓደኛው ጋሽ ቶሎሳ ነው። የአባቱ የጤፍ ማሳ ዛሬ አስፋልትና ካፌ ሆኗል። ስለ ማሳው አያወራም፤ ስለ ቦክሱ ግን ያወራል።

«የወደቀ ሰው የግድግዳ ሰዓት አያይም፣ ወርቁ። የሚያየው የዳኛውን ጣት ነው።»

«በጊዜው ይነሳ ነበራ።»

«አንተ ወድቀህ አታውቅም።»

ከዚያ ሻምፒዮኑ በተራው የሚወድቅበት ይመጣል። ከአፉ የወደቀችውን የጥርስ መከላከያ ፍለጋ በእጅና በጉልበቱ ሲዳክር ሁላችንም እንስቃለን። ሰው እየተቆጠረበት ያቺን ላስቲክ ምን ያደርግባታል?

ታዲያ አንድ ቀን ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተባለ። ቀን ተቆረጠ። ለጋሽ ወርቁ ምትክ የተሰጠው ከላምበረት ወዲያ፣ ደንበኛ ቀርቶ ታክሲ በቅጡ በማይደርስበት ነው። የፈለገው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር፤ የሰው ሶፋ ጨርሶ ሊመልስ፣ እዚሁ አካባቢ አንዲት የኪራይ ቤት ሊያገኝ። ያለዚያ ዕድሜውን ሙሉ የገነባው ስም መጥፋቱ ነው። እና ያ «ሕግ ሕግ ነው» ባይ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ሽማግሌ እንላክ።»

ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ሽማግሌ፤ ልጅ የምንጠይቅ ይመስል። ማንም ግን አልሳቀም። ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለበሱ፣ ጋሽ ቶሎሳና እኔ ተከተልን። ጋሽ ወርቁ እንደ ወጉ፣ እንደ ሙሽራ፣ ቤቱ ቀረ። ኃላፊው ጨዋ ወጣት ነው፤ ገና ስንገባ ከመቀመጫው ተነሳ።

«አባቶቼ፣ ቁጭ በሉ።»

«እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉ ታላቁ ሽማግሌ፤ ለወርቁ ቀን እንዲጨመርለት መምጣታችንንም ነገሩት።

ልጁም ወጉን ያውቀዋል መሰለኝ፣ ሳይቀመጥ ቀረ። ሁላችንም ቆመን ተያየን። «እኔ የተሰጠኝን ቀን ነው የምቆጥረው» አለ ቀስ ብሎ። እውነቱን ነው። በቦክስም ከዳኛው ሌላ ሰዓት ያዥ አለ ይባላል፤ እኛ ያን ሁሉ እሁድ ስናይ አንድም ቀን ፊቱን አላየነውም።

ጋሽ ወርቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ጋሽ ቶሎሳ «ሕግ ሕግ ነው» ቢለው ማን ይፈርድበት ነበር? አላለውም።

«ቆመን ተመለስን» አለው። ጋሽ ወርቁ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ገባ።

ቀኑ ሞላ። ቴሌቪዥኑ በዋዜማው ከዕቃው ጋር በአይሱዙ ተጭኖ ሄዷል፤ የሄደበት ቤት መብራት ገና አልገባለትም። ያላለቁት ሶፋዎች መንገድ ዳር ወጡ። የእኔም ነገ በመጨረሻ ደረሰ፤ ሶፋዬ ልብሱን ተገፎ፣ ሞላው ወጥቶ ከነሱ መሃል ቆሟል። ዶዘሩ የፊቱን ግድግዳ ጥሎ ለመዞር ወደኋላ ሲል፣ ጋሽ ወርቁ ከመሃላችን ወጥቶ ፍርስራሹ ውስጥ ገባና ተንበረከከ። ብሎኬቱን በእጁ ያገላብጣል።

«ምን ጠፋህ?» አለው ጋሽ ቶሎሳ ተከትሎት።

«ሪሞቷ።»

«ተነስ ወርቁ፤ ማሽኑ ሊመለስ ነው።»

ጋሽ ወርቁ ቀና አላለም።

«ቀስ ብለህ ቁጠር» አለው።

ጋሽ ቶሎሳ አልቆጠረም። ዶዘሩን አንዴ አየው፤ ከዚያ ሱሪውን በጉልበቱ በኩል ሳብ አድርጎ ከጎኑ ተንበረከከና አብሮት ይፈልግ ጀመር። እኔ መንገድ ዳር፣ ሶፋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። እንደለመድኩት።