ለኮምፒውተሩ የተሰፋ ካፖርት

ንብረት መጠበቅ ከባድ ኃላፊነት ነው። ብዙ ሰው ንብረትን ይጠቀምበታል፤ የሚጠብቀው ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ቤተሰባቸው እስከ ዛሬ «አለቃ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም በሌላ ስም ሲጠሯቸው ቶሎ አይሰሙም።

በአለቃ ዘመን ወደ መሥሪያ ቤቱ የገባ የጽሕፈት መኪና ሁሉ ከነሽፋኑ ገብቶ ከነሽፋኑ ኖሯል። ጸሐፊዎቹ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። አለቃ ሲሰናበቱ መኪኖቹ ልክ ከፋብሪካ እንደወጡ ያብረቀርቁ ነበር፤ ያረጁት ጸሐፊዎቹ ብቻ ናቸው። በሽኝቱ ዕለት ሥራ አስኪያጁ «እንዲህ ያለ ሰው ዳግም አናገኝም» ብለው ሲናገሩ፣ ከአዳራሹ ኋላ አንዱ «ተመስገን» አለ ይባላል። አለቃ ይህን የሰሙት እንደ ምርቃት ነው።

ጡረታ ሰውየውን እንጂ ሥራውን አላቆመውም። ቤታቸው ውስጥ ያልተሸፈነ ነገር የለም። ፍሪጁ ቀሚስ አለው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለሚኖር የትኛው ቁልፍ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው በግምት ነው። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ቀለሙን ያየ ሰው የለም። ባለቤታቸው ቡናማ ነው ይላሉ፤ አለቃ አረንጓዴ ነው ብለው ይከራከራሉ። አንሶላውን ገልጦ ለማየት ያሰበ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ወደዚህ ቤት ነው እንግዲህ ኮምፒውተር የገባው።

ያመጣችው ልጃቸው ናት። የሕንፃ ንድፍ ተምራለች። ከተመረቀች ጀምሮ ሥራ ፍለጋ ያላንኳኳችው በር የለም። በመጨረሻ አንድ የመሐንዲሶች ቢሮ «የአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ንድፍ ሠርተሽ ሐሙስ ጠዋት ላኪልን። ከወደድነው ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ» አላት። ካልወደዱት ወይም ከዘገየች፣ ከእሷ በኋላ የተሰለፈ ሞልቷል። ይህንንም አልደበቋትም።

አለቃ ኮምፒውተሩ በገባ በማግሥቱ እናትየውን ጠርተው መመሪያ ሰጡ። ሲፒዩ ለሚባለው ሳጥን በልኩ ወፍራም ልብስ ተሰፋለት። ከአናቱ እስከ እግሩ ድፍን ነው። መክፈቻው ባለበት በኩል ብቻ እንደ ኮት ቁልፍ ማሳለፊያ ያለች ቀዳዳ ተተወች፤ ጣት ታስገባለች። ሽቦዎቹ ከኋላ እንደ ጭራ ተንጠለጠሉ።

«ስሠራ ላውልቀው እንዴ አባዬ?» አለች ልጅቷ።

«ቀዳዳውን ምን ብለን ተውነው ታዲያ?» አሉ አለቃ። «እንዳይወልቅ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። የአባቷን አመል ታውቃለች። ጣቷን በቀዳዳዋ አስገብታ ከፈተችና ሥራዋን ጀመረች። የእንግዳ መቀበያውን ሠራች። የመርፌ ክፍሉን ሠራች። የበሽተኞቹ ክፍል ላይ ስትደርስ ሳጥኑ እንደታፈነ ንብ ጮኸና ስክሪኑ ድርግም አለ።

መልሳ ከፈተችው። ትንሽ ሄደና ድርግም። ከሰዓት በኋላም እንዲሁ። ስትሠራ ስትሠራ የቆየችበት ፋይል ራሱ ተበላሽቶ አልከፈት አለ።

አለቃ ነገሩን የሰሙት ቆመው ነው። ቁምነገር ሲሰሙ አይቀመጡም።

«ጉዳዩ በጥንቃቄ መያዝ አለበት» አሉ። «አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል።»

ኮሚቴው ተቋቋመ። ሰብሳቢ አለቃ ሆኑ። ጸሐፊ እናትየው። የቴክኒክ አማካሪ ደግሞ የእናትየው ታናሽ ወንድም፤ የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ሞተር ነክ ነገር ይገባዋል ተብሎ ነው። ልጅቷ የኮሚቴው አባል ልትሆን አልቻለችም። ጉዳዩ የሚመለከታት ወገን ስለሆነች አድልዎ ታመጣለች ተባለ።

«ጓደኛዬ ቤት ወስጄ ልሞክረው» ብላ ለመነች።

«በመጣራት ላይ ያለ ንብረት ከቦታው አይነቃነቅም» አሉ አለቃ።

አማካሪው ሥራውን የጀመረው ወዲያው ነው። ሳጥኑን ዞረው፤ ጆሮውን ለጠፈበት፤ ከዚያ በመዳፉ ጎኑን ጠፈጠፈው።

«ምን እያረግህ ነው?» አሉ እናትየው።

«አውቶቡሴም አንዳንዴ ትለግማለች። ሁለት ስትቀምስ ትነሳለች።»

«አውቶቡስህማ ሰው ስለምትጭን ነው የምትለግመው። ይሄ ማንን ጫነ?»

«ክሊኒክ ነዋ የጫነው! ከነአልጋው!»

ኮምፒውተሩ ስለቀዘቀዘ ይሁን ስለተመታ አይታወቅም፣ ተነሳ። አማካሪው ደረቱን ነፋ። የምሳ ሳህኖቹ ሳይነሱ ግን ድርግም አለ። አማካሪው «የባለቤቱን እጅ ገና አልለመደ ይሆናል» ብሎ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ስለዚህ የኮምፒውተር ጠጋኝ ተጠራ። ትልቅ ቦርሳ ያነገተ፣ ስለራሱ ጥሩ አስተያየት ያለው ወጣት ነው።

አለቃ ባለሙያን ያከብራሉ። ጠጋኙ ገና በሩ ላይ ሳለ «ሊመረመር ነው፤ ልብሱ ይውለቅ» ብለው አዘዙ። እናትየው ሽፋኑን በጥንቃቄ አወለቁ፤ አጥፈው ወንበር ላይ አኖሩ። ሳጥኑ ራቁቱን ቀረ። ጠጋኙ ከፈተው። ሠራ። ዘፈን አስከፈተው፤ ዘፈነ። ፊልም አስከፈተው፤ አሳየ። ልጅቷ የንድፍ ፕሮግራሟን ከፈተችበት፤ ምንም አላለም። ጠጋኙ ሻይ ጠጣ፣ ደገመ። ኮምፒውተሩ ንቅንቅ የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጤነኛ ነው» አለ።

«ልጄ፣ እኛ ዓይናችን እያየ ነው የጠፋው። ውሸታሞች ነን?»

«ኧረ አላልኩም!» ጠጋኙ ባዶ እጁን መውጣት አልወደደም። የሳጥኑን ጎን ፈትቶ እፍ ሲል ብናኝ ቦነነ። «ይኸው! አቧራ ነው ጉዱ።»

አለቃ ዓይናቸው በራ። ዕድሜ ልካቸውን የታገሉት ጠላት ስሙ ተጠራ።

«ከየት ገባ?»

«ከአየር ነዋ ጋሼ። አቧራ ከአየር ጋር ነው የሚገባው።»

በዚያው ዕለት ሁለት ውሳኔዎች ተላለፉ። አንደኛ፣ የክፍሉ መስኮት እስከ ወዲያኛው ተዘጋ፤ ስንጥቁም በጨርቅ ተወተፈ። ሁለተኛ፣ ሽፋኑ ስስ ሆኖ መገኘቱ ስለተረጋገጠ ገበር እንዲገባለት ተወሰነ። ለገበሩ አለቃ የገዛ ካፖርታቸውን ሰጡ። በሥራ ዘመናቸው የለበሱት፣ ጥብቅ የሱፍ ካፖርት ነው። እናትየው መቀሱን ሲያነሱ አለቃ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ለቤተሰብ የማይከፈል ዋጋ የለም።

ኮምፒውተሩ ካፖርቱን ከለበሰ በኋላ ቀድሞ ከሚቆይበት በግማሹ መጥፋት ጀመረ።

ልጅቷ እንደገና ጀመረች። እንደገና ጠፋ። ደግማ ጀመረች። አለቃ ከኋላዋ ቆመው ንድፉን እያዩ «ይሄ ሁሉ መስኮት ለምንድን ነው?» አሏት።

«አየር እንዲዘዋወር ነው አባዬ። እዚህ ይገባል፣ በዚህኛው ይወጣል።» ግንባሯን ጠረገች። «ክፍል ከታፈነ በሽተኛው ይብስበታል። መጀመሪያ የተማርነው እሱን ነው።»

ይህን ስትል ክንዷን ያሳረፈችው ካፖርቱ ላይ ነበር። እንደ ምጣድ ግሏል። ክንዷን አነሳችና ንድፉ ላይ አንድ መስኮት ጨመረች።

«አቧራውስ?» አሉ አለቃ።

ስክሪኑ ድርግም አለ።

ጠጋኙ ዳግመኛ ተጠራ። ካፖርቱ ወለቀ። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ በእንግዳ ፊት ጨዋ ሆነ። ጠጋኙ በዚህ ጊዜ ሻዩን ሳይጨርስ «ቫይረስ ነው» አለ። ከልጅቷ ንድፍ በቀር ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነበት። ሲወጣ በሩ ላይ «ከእንግዲህ ቢጠፋ ሙያዬን እተዋለሁ» ብሎ ማለ። እሱ ሄደ። ካፖርቱ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ጠፋ። ጠጋኙ ግን ሙያውን አልተወም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ረቡዕ ደረሰ። ልጅቷ ምግብ መብላት ትታለች። እናትየው በር ላይ ቆመው «የኔ ልጅ፣ ትንሽ እንኳ ቅመሺ» ይላሉ። እሷ «እማዬ፣ ነገ ጠዋት እኮ ነው» ትላለች። ከዚህ ሌላ ቃል የላትም። የቀራት የበሽተኞቹ ክፍልና ጣሪያው ነው፤ ደህና ቢሄድላት ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ።

አለቃም ነገሩ አሳስቧቸዋል። ልጃቸውን ይወዳሉ፤ የሚወዱትን ደግሞ እንዲሁ አይተዉም፣ ስብሰባ ይጠሩለታል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ። ጠጋኙ በታዛቢነት ተገኘ። ሹፌሩ አውቶቡሱን አቁሞ መጣ። አለቃ የሽኝታቸውን ዕለት ሱፍ ለበሱ፤ ከነሰደርያው፣ ከነከረባቱ። በላዩ ሻርፕ ጣል አደረጉ። በሩ ይዘጋ አሉ፤ ተዘጋ። መስኮቱ ድሮም ዝግ ነው። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ በካፖርቱ ውስጥ እያጓራ፣ ልጅቷም አንገቷን ደፍታ እየሠራች፣ ንግግሩ ተጀመረ።

«የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት! ዛሬ የተሰበሰብነው በኮምፒውተራችን ላይ በተደጋጋሚ የደረሰውን የመጥፋት ችግር ከሥር መሠረቱ ለመንቀል ነው።»

«በርታ አለቃ» አለ ሹፌሩ።

«ችግሩን ለመፍታት ያልተወሰደ እርምጃ የለም። አቧራ ተመቷል። ቫይረስ ተመቷል። ኮምፒውተሩም ራሱ ተመቷል።» ወደ ሹፌሩ አዩ። «ነገር ግን ጥበቃችን አሁንም ይላላል። ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ በካፖርቱ ላይ አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ…»

የአለቃ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። ላባቸው በሻርፑ ላይ ተንጠባጠበ።

«…አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ እንዲደረብ፣ ከዚህም ጋር በተያያዘ መልኩ…»

ዓይናቸው ፈጠጠ። ከአፋቸው ትንሽ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ድርግም አሉ።

«ወይኔ ሰውዬው!» እናትየው ጮኹ።

ልጅቷ ከወንበሯ ተስፈንጥራ አባቷ ላይ ተደፋች። «አባዬ! አባዬ!»

ሹፌሩ መዳፉን አነሳ፤ እናትየው ያዙት። «አንተ! እሱም አውቶቡስ መሰለህ?»

«አየር! አየር ስጧቸው!» አለ ጠጋኙ። «በዚህ ሙቀት ይሄን ሁሉ ደርበው! አውልቁላቸው! ሰው ሲታፈን እኮ…»

መስኮቱ ተበረገደ። ሻርፑ ወለቀ። ኮቱ፣ ሰደርያው፣ ከረባቱ ወለቀ። እናትየው ለትራስ የሚሆን ለስላሳ ነገር ዙሪያውን ፈለጉ፤ ካፖርቱን ከኮምፒውተሩ ላይ ገፈፉና ጠቅልለው ከባላቸው ራስ ሥር አደረጉ።

ነፋስ ገባ። አለቃ ተነፈሱ። ጥግ ላይ ያለው ሳጥንም ማጓራቱን ተወና ዝም ብሎ መሥራት ጀመረ።

ጠጋኙ በካኒቴራ የተኙትን አለቃ አየ። ራቁቱን የቆመውን ሳጥን አየ። አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋው። አንዴ ቫይረስ ነው ብሎ ለማለ ሰው ሌላ መናገር ለሙያ ክብር ጥሩ አይደለም።

ልጅቷም አየች። ስክሪኑ ላይ በየግድግዳው የደረደረቻቸውን መስኮቶች ተመለከተች፤ ክንዷን፣ ካፖርቱ የፈጀውን ቦታ ዳሰሰች። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

አለቃ ዓይናቸውን ገለጡ።

«መስኮቱን ማን ከፈተው?» የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። «አቧራ!»

«ተኛ አንተ ሰውዬ» አሉ እናትየው። «ካፖርቱን ለሱ ልመልስለትና…»

«እማዬ፣ ተይው!» አለች ልጅቷ ፈጥና። ቀጥሎም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለአባዬ ነው የሚያስፈልገው። እሱን ስታደርጊለት አይደል የነቃው?» አለች።

ኮሚቴው ይህን በአንድ ድምፅ ተቀበለ።

ልጅቷ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ አንዴም አልጠፋም። ጣሪያው ሳይመሽ አለቀ። ሐሙስ ጠዋት ንድፉ ተላከ፤ ሰኞ ሥራ ገባች። መሐንዲሶቹ «አየር አወጣጡን አስበሽበታል» ብለው ሲያመሰግኗት እግሯን እግሯን አየች።

አለቃ ሁኔታውን ገምግመው መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። ኮምፒውተሩ የተስተካከለው ንግግራቸውን ስለሰማ ነው። የነቁት ደግሞ በካፖርቱ ነው። ስለዚህ ካፖርቱን ለኮምፒውተር ማባከን አቁመው ራሳቸው ይደርቡታል። ለኮምፒውተሩ መክፈቻ የተተወችው ቀዳዳ ደረታቸው ላይ ትውላለች። ከምሳ በኋላ ሳሎን ተቀምጠው ስለ ንብረት አጠባበቅ ለባለቤታቸው ማብራሪያ ይሰጣሉ። ማብራሪያው ግማሽ ላይ ሲደርስ ድርግም ይላሉ።

እናትየው ይህ ነገር አላማራቸውም። ትናንት የባላቸውን ግንባር ዳስሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብርድ ገብቶት ነው» አሉ፤ መርፌያቸውንም አንስተው ሁለተኛውን ገበር ጀመሩ።