ስም አልጠራም ያለው ራፐር

ስንኙ ቤት እንዲመታለት ብሎ የማይዋሽ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። እዚህ ኦስሎ፣ ሮምሶስ ሰፈር ተወልዶ ያደገው የጎረቤቴ ልጅ፣ ራፐሩ ናሆም ነው። «ይህችን ቃል ቀይራት፣ ታምርልሃለች» ብትሉት፣ «ማማሩንስ ታምራለች፣ ግን እውነት አይደለችም» ይላችኋል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይኖራል? እኔ እንኳ ሰርግ ላይ ስመርቅ ስንቱን ዋሽቻለሁ።

ባለፈው ቫይትቬት ሰፈር ሰርግ ተጠርተን ናሆም አዲሱን ዘፈኑን በአማርኛ ያወርደዋል። ላይ ላዩን ሲሰሙት ስለ አንድ ጎበዝ ንብ አርቢ ነው፤ ውስጡ ግን የጽዳት ሠራተኞቹን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስለሚበላ አሠሪ ነው። የጽዳት ድርጅት ያላቸው ጋሽ ታደሰ፣ የናሆም እናት አሠሪ፣ በንብ አርቢው ተደስተው ሊሸልሙ ተነሡ። ኦስሎ ውስጥ መቼም ኪሱ ጥሬ ገንዘብ የሚገኝ ሰው የለም። ስለዚህ በብር ፈንታ፣ ገንዘብ የሚልኩበትን ሞባይላቸውን ግንባሩ ላይ ለጠፉለትና እንደ ደንቡ፣ «በል ስሜን እየጠራህ አወድሰኝ» አሉት።

ናሆም ሙዚቃውን አስቆመ። እናቱ አንገቷን ደፋች። እኔም «ለዛሬ እንኳ ዋሽ፣ ልጄ» ብዬ በልቤ ለመንኩት።

አንቱታ አይሆንለትም እንጂ ትሑት ልጅ ነው። ሞባይሉን በሁለት እጁ መለሰላቸው።

«ስምህን አልጠራም ጋሼ» አለ በማይክራፎኑ። «ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የዘፈንኩት ስለ አንተ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረ። እናቱ ብቻ ተነሥታ ሄደችና ልጇን ግንባሩን ሳመችው፤ ሞባይሉ የነበረበት ቦታ ላይ።