የቢከን ሂል ሊፍት ሠራተኛ

ሽማግሌን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት የሚችል ሰው አይቼ አላውቅም። አለ የምትሉ ከሆነ አስተዋውቁኝ፤ ብዙ የምማረው ነገር ይኖራል። እኛ ዘንድ እምቢታ ቀጥ ብሎ አይነገርም። «እስቲ እናያለን» ይባላል፤ «እግዜር ያውቃል» ይባላል፤ ሲብስ ደግሞ ጉሮሮ ይጠረግና ስለ ጤና ይጠየቃል። ሰሚውም ይገባውና ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ችግር የሚመጣው ይህን ጥበብ ይዛችሁ አስተርጓሚ የሆናችሁ ቀን ነው።

እኔ ሆኛለሁ። ብዙ ዓመት የተማርኩ፣ ግን ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ የምናገረው የሚጠፋብኝ ሴት ነኝ። አስተርጓሚነት የተስማማኝም ለዚህ ነው፤ የሚታየው ባለጉዳዩ እንጂ እኔ አይደለሁማ። አሁን የምነግራችሁን ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ነገሩ የጀመረው የሲያትሉ ቢከን ሂል፣ ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የተቀመጠው ሰፈራችን፣ ሆዱ ሳይቀደድ በፊት ነው። ወደ ኤርፖርት የሚዘረጋው አዲሱ ባቡር ኮረብታውን በመዞር ፈንታ በውስጡ ሊያልፍ ሆነ። ስለዚህ የእኛ ጣቢያ ረጅም ፎቅ ተገልብጦ የተተከለ ያህል ከእግራችን በታች ጠልቆ ይሠራል፤ ተሳፋሪውም የሚወርደውና የሚወጣው በሊፍት ነው ተባለ። የባቡሩ ሰዎች ይህን ሊያስረዱ ነዋሪውን ሰበሰቡ። የቬትናምኛ፣ የቻይንኛና የስፓኒሽ አስተርጓሚዎች ተደረደሩ። ለአማርኛው እኔ።

ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን አወጡ። ጡረተኛ ናቸው፤ ዓይናቸው ስለ ደከመ መኪና መንዳት ትተዋል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ደግሞ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ታላቅ እህት አሏቸው። እትዬ አስካለ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየሩ መሄድ ጉልበታቸው አልችል ስላለ እህታቸውን ካዩ ወራት አልፈዋል። በባቡር ግን ከእኛ ሁለተኛው ጣቢያ ነው። ጋሽ መኩሪያ ይህን ሁሉ ከነምርቃቱ ሰባት ደቂቃ አብራርተው ሲያበቁ ወደ ጥያቄያቸው ገቡ፦

«ባለቤቴ ዝግ ሳጥን ውስጥ ሰው ከሌለ አትገባም። ቢገድሏት አትገባም። አዲስ አበባ በትልልቁ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ሠራተኛ ነበር። እዚህም አንድ ሰው ይቀመጥልን። በይ ልጄ፣ አሳምረሽ ንገሪልኝ።»

አሳምሬ ነገርኩ። የባቡሩ መሐንዲስ ፈገግ ብሎ «ሐሳብዎ ተመዝግቧል፤ እናመሰግናለን» አለ። የዚህ አገር ሰው «ተመዝግቧል» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን። ጋሽ መኩሪያ ግን ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ቆሙ፣ መልሱን ከእኔ አፍ ይጠብቃሉ። አዳራሹ በሙሉ ያየኛል።

«እሺ ብለዋል፣ ጋሼ» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ከዚያ ለዓመታት ተቆፈረ። የጭነት መኪኖች የኮረብታውን ጭቃ ሲያመላልሱ ጋሽ መኩሪያ አጥሩ ጋ ቆመው እንደ ተቆጣጣሪ ያዩ ነበር። በየለቅሶው ቤት፣ በየክርስትናው «እኔው ራሴ ጠይቄ እሺ አስብያለሁ» ይላሉ። ሰው ያደንቃቸዋል። እትዬ አስካለም ለእህታቸው በስልክ «ጣቢያው ይለቅና በየሳምንቱ ነኝ» ብለው ቃል ገቡ። እኔ እውነቱን ልናገር ስንት ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ መሰላችሁ፤ ፊታቸውን ሳይ ሻይ ልቀዳ የተነሣሁ መስዬ እመለሳለሁ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2009፣ በሐምሌ፣ ጣቢያው ተከፈተ። በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ወርጄ አየሁት። አያሳፍርም። ታች መሳፈሪያው ጋ ከባሕር ጥልቅ የወጡ የሚመስሉ ባለ ቀለም ቅርጾች ተንጠልጥለዋል፤ ሊፍቱ ብስክሌትም ዊልቸርም የሚያስገባ ሰፊ ነው፤ የጨነቀው ሰው ተጭኖ እርዳታ የሚጠራበት ቁልፍ አለው። በርጩማ የለውም።

የምናዘዝበትን ቃል በልቤ እያጠናሁ ወደ ላይ ወጣሁ። የሊፍቱ በር ሲከፈት ባልና ሚስቱ ከፊቴ ቆመዋል። እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ ጨምድደው ይዘዋል።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «አላልኩሽም? ሰው አስቀመጡ! ለዚያውም የእኛኑ ልጅ!»

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ...»

«የምትገቢው መቼ መቼ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«ማክሰኞ ማክሰኞ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት» አልኩ። ሁለቱም ገቡና በሩ ተዘጋ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ያልቀጠረኝ ሠራተኛ ሆንኩ። እትዬ አስካለ ክንዴን ጭምቅ አድርገው ይይዛሉ፤ አባታችን ሆይ ይጀምራሉ፤ ጸሎቱ ሳያልቅ ታች እንደርሳለን። ባቡሩ ላይ አሳፍሬያቸው እመለሳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ታች ቆሜ እጠብቃለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሰማያዊ ጃኬት ገዛሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። በዚህ አገር ጃኬት ለብሶ አንድ ቦታ ጸንቶ የቆመ ሰው ሠራተኛ ነው፤ ፈረንጁም ቻይናውም ኤርፖርት የሚሄደው በየትኛው በኩል እንደሆነ ይጠይቀኝ ጀመር። እኔ፣ ሰው ፊት የምደነግጠው ሴት፣ በእጄ እያመለከትኩ አስረዳለሁ። አንድ ዓመት ዘመድ ጥየቃ ልሄድ ብዬ «ዕረፍት ልወጣ ነው» ብላቸው እትዬ አስካለ «ተተኪ ይሰጡናል?» ብለው ፊታቸው ጠቆረ። ጉዞውን ተውኩት።

በአራተኛው ዓመት እህትየው አረፉ። እትዬ አስካለ አጠገባቸው ነበሩ፤ እጃቸውን ይዘው። ለቅሶው ካበቃ በኋላ በነበረው ማክሰኞ እግሬ ልማዱን ተከትሎ ሊፍቱ ጋ አደረሰኝ። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው ብቅ አሉ።

«እትዬ፣ ዛሬ ወዴት ነው?»

«የትም» አሉ። «ወርደን እንወጣለን።»

ገባን። በሩ ሲዘጋ ክንዴን አልያዙም፤ አባታችን ሆይም አላሉ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

«እትዬ፣ አይፈሩም እንዴ?»

«ኧረ ፍርሃቱ ከለቀቀኝ ሦስት ዓመቱ! ሐሙስና ቅዳሜ ብቻዬን እመላለስ አልነበር? እዚህ ውስጥ ምን አለና ነው የሚፈራው?» አሉ፣ እኔ የምፈራ ይመስል።

«ታዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ...»

ማንም በሌለበት ሊፍት ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው ካልፈራ አንቺን እዚህ ምን ብለው ያስቀምጡሻል? ከሥራ እንዳያወጡሽ ብዬ ነዋ! በዚህ ዓይን አፋርነትሽ ሌላ ሥራ የት ታገኛለሽ?»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም ነበር። በሩ ዝግ ነው፤ ሁለት ብቻ ነን፤ ማንም አያየኝም። አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም።

«እኛ እንግዲህ ሙቭ ልናደርግ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ማውንትሌክ ቴራስ፣ ልጃችን ጋ ልንኖር። አንቺ አትጨነቂ። ከማኅበራችን ሊፍት የሚፈሩ ሁለት ሴቶች አግኝቼልሻለሁ። ከሚመጣው ማክሰኞ ጀምረው ይመጣሉ። አንደኛዋ ትንሽ መጮህ ታበዛለች፤ ቻያት።»

እስከ ዛሬ ችያታለሁ።