ጋሽ ደምሰው ሳይለኩ አያምኑም

በየሰፈሩ ሳይለካ የማያምን አንድ ሰው አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ገና በደንብ አልተለካም ማለት ነው። የሀና ማርያሙ የእኛው ክቡር ጋሽ ደምሰው ናቸው። ዳቦ ሳይመዝኑ አይቆርሱም። የሠርግ ድንኳን ሲተከል ሜትራቸውን ይዘው ከተፍ ይላሉ። የታመመ ሊጠይቁ ሲሄዱ ብርቱካን ሳይሆን ቴርሞሜትር ይዘው ነው። ደህና ነኝ ስትሏቸው እንኳ «በግምት አትንገረኝ» ይላሉ።

እኚህን ሰው ነው እንግዲህ የፉሪ አትክልት አምራቾች ማኅበራችን የአፈር ካርቦን መለኪያ ያስታጠቃቸው። መሣሪያው ከእጅ ባትሪ አይበልጥም። አፈሩ ላይ ሲደግኑት በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይለቅና፣ ከአፈሩ ተመልሶ ከሚመጣው ካርቦኑን በመቶኛ አስልቶ ቁጥር ያወጣል፤ ካርቦኑ በጨመረ ቁጥር አፈሩ ለምቷል ማለት ነው። ጋሽ ደምሰው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት የጓሮዬንም የአበባ ማሰሮዬንም አፈር ለኩ። ማንም አልጠራቸውም።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ካርቦኑ ከሦስት ዓመት በፊት ከተለካው ያልጨመረ አባል መሬቱን ለተረኛ እንዲለቅ ማኅበሩ ወስኗል። ከእኔ መደብ አጠገብ ጎመንና ቆስጣ የምታለማው ሲሃም አራት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች መሬት ነው። ፍግ ተሸክማ ስትመላለስ ዓመቱን ሙሉ አያታለሁ። ቢሆንም ፈራሁላት። ካርቦን ከተባለ ያው ከሰል ነው ብዬ፣ ልኬቱ አንድ ቀን ሲቀረው የከሰል ፍርፋሪ ከአፈሯ ጋር ቀላቀልኩላት። ለእሷም አልነገርኳት።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ደምሰው በራፌ ላይ አገኙኝና እንደ ልማዳቸው የጫማዬን ጭቃ ለኩ። ቁጥሩን ሁለቴ አይተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የሲሃም መደብ ላይ መሣሪያው ዘጠኝ ነጥብ አራት አለ። እሷ ፊቷ በራ፤ የእሳቸው ጠቆረ።

«ሲሃም፣ ይሄ አፈር አይደለም፤ የከሰል መጋዘን ነው።»

«ወላሂ ጋሼ፣ እኔ ከሰል አልጨመርኩም።»

የማኅበሩ ጸሐፊ ነገሪ እስክሪብቶውን አወጣ። «ያጭበረበረ ይሰረዛል። እሷ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?»

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«በግምት አትንገረኝ» አሉት ጋሽ ደምሰው።

ከመደቡ አሥር ቦታ አፈር ቆፍረው ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ባለቤታቸው ዶርቃ በርበሬ የምታሰጣበት ስፌድ ላይ አሰጡት። ሁለት ቀን ሙሉ መነጽራቸውን አድርገው ከሰሉን በወረንጦ ለቀሙ፣ አፈሩን ነፉ፣ አሥሩንም ለኩ። ከዚያ ማኅበሩ ፊት ቆመው አነበቡ።

«በሦስት ዓመት ከአንድ ነጥብ ሁለት ወደ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ደርሷል። ይህ ከሰሉ ተለቅሞ ወጥቶ ነው። ያሳለፋት ፍጓ ነው፤ ማጭበርበር አያስፈልጋትም ነበር።»

ሲሃም መሬቷ ጸናላት። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሰው በሬን አንኳኩተው አንዲት ትንሽ ፌስታል ዘረጉልኝ።

«ከሰልህ ነው። ሠላሳ አራት ግራም።»

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«ጫማህን ለክቼው የለ? እሱም የከሰል መጋዘን ነበር።»

ሪፖርቱን ሄጄ አየሁት። ስሜም ጫማዬም የሉበትም። በዕድሜያቸው ለክተው ያልጻፉት ይህን ብቻ ይመስለኛል። በጣም ነው የምወዳቸው። ግን አልነግራቸውም፤ ምን ያህል እንደሆነ ሊለኩ ይመጣሉ።