ሳይከፈት የከረመው ሲዲ

በገንዘባችሁ የገዛችሁት ነገር የእናንተ ነው? ነው ካላችሁ ጓደኛዬን ጽጌን አታውቋትም ማለት ነው።

ጽጌ ካርቱም፣ ማንሺያ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ ዐማራት ሰፈር አንድ የጠበቃ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ሻይም አፈላለሁ። ዓርብ ዓርብ እረፍት ስለሆንን ሳሃፋ ሰፈር እኔ ክፍል እንገናኛለን። ሽሮ እንበላለን፣ ሰው እናማለን። ምን ይደረግ፣ ካርቱም ውስጥ በነጻ የሚገኝ መዝናኛ ሐሜት ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ስንታየሁ አዲስ አበባ ዘፋኝ ነው። ታዋቂ እንዳይመስላችሁ፤ እኔም ስሙን የሰማሁት ከእሷ ነው። የመጀመሪያ ሲዲውን ሲያወጣ ልላክልሽ ቢላት እምቢ አለች። የወንድም ልፋት በነጻ አይወሰድም ብላ፣ ወደዚህ የምትመጣ ሴት ከሱቅ እንድትገዛላት አደረገች። አንድም ሽያጭ ቢሆን ይቆጠርለት ብላ ነው እንግዲህ። ሲዲው በመተማ በኩል ከበርበሬ ጋር ታሽጎ መጣ።

በምን ትስማው? የምትሠራበት ቤት ማጫወቻው ያለው ሳሎን ነው፤ ሳሎኑ ደግሞ የማዳም ነው። የእኔን ማጫወቻ መብራት ሲሄድ ሲመጣ አቃጥሎታል። የቀረው ስልኳ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ስልክ የሚጠግን ሰውዬ አለ፤ ሲዲ ከሰጡት ዘፈኑን ገልብጦ ስልክ ላይ ይጭናል። እሱ ዘንድ እንሂድ አልኳት። ሞቼ ነው ቆሜ! አለች። ወንድሟ በደወለ ቁጥር ገልባጮች አደኸዩኝ እያለ ያማርራል። ሲዲው ጀርባ ላይም ያለ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስቀጣል የሚል ተጽፏል። ኧረ ተይ፣ የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ነው ብላት፣ የወንድሜን ቤት? ብላ ነጠላዋን አንሥታ ልትሄድ ነበር። ሲዲውን ላስቲኩን እንኳ ሳትቀድ እኔ ክፍል ባስቀመጠችው ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋነት ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ጉዱ የመጣው ይሉኝታ ሲጨመርበት ነው። ወንድሟ ሲደውል ዘፈኖቹን እንዴት አገኘሻቸው ይላታል። አልሰማኋቸውም ተብሎ ለታላቅ ወንድም እንዴት ይነገራል? የናቀችው ይመስላላ! ቆንጆ ናቸው ትላለች። አንድ ዓርብ እኔ ፊት ደወለ። ሦስተኛውስ? ሲላት ጊዜ ሞቅ ብሏት፣ እሱማ ቁጭ አያስደርግም፣ ስጨፍርበት ነው የሰነበትኩት አለችው።

የእሱ ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል። በእናታችን ለቅሶ ትጨፍሪያለሽ? ብሎ ዘጋባት። ሦስተኛው ዘፈን ለካ ለእናታቸው የወጣ እንጉርጉሮ ኖሯል።

እናታቸው የሞቱት ጽጌ ካርቱም ከገባች በኋላ ነው። ቀብራቸው ላይ አልደረሰችም። ከእሳቸው በኋላ የቀራት ዘመድ ስንታየሁ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አንድ ሳምንት አልደወለም፤ ሁለት ሳምንት አልደወለም። ስትደውልለት አያነሣም። እኔ ያን ዕለት ስቄ ነበር፤ በኋላ ፊቷን ሳይ ግን አፈርኩ። አሁንስ ገልብጪና ስሚው፣ ከዚያ ይቅርታ ጠይቂው አልኳት። ሰርቄ ሰምቼ ልታረቅ? አለችኝ። እንዲህ ዓይነቷን ሰው ምን ታደርጓታላችሁ?

እኔ ደግሞ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉኝ ሰው ነኝ። እሑድ ጠዋት ሻይ ሳቀርብ ጠበቃውን፣ ኡስታዝ ሙርተዳን ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። “ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሲዲው የሷ ነው፤ ዘፈኑ የሱ ነው” አሉኝ። የገዛ ሰው ለራሱ ጆሮ አንድ ቅጂ ቢያደርግ በብዙ አገር ሕግ አይከለከልም፤ ቅጂውን ማደልና መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው አሉ። መኪናዎ ውስጥ ያለችው ፍላሽ ላይ ያሉት ዘፈኖችስ ተገዝተው ነው? ብላቸው፣ ሻዩ ስኳር አንሶታል አሉኝ።

የድል ዜና ይዤ ሄድኩ። ጽጌ እስክጨርስ ሰማችኝና፣ “ሕጉስ ፈቀደ፤ ወንድም ጋሼ መቼ ፈቀደ?” አለች።

በገንኩ። ኋላ ሳስበው ግን ገባኝ። ሕግ የሚያውቀው ገዥና ሻጭን ነው። እሷ ገዥ ብቻ አይደለችም፤ እህት ናት። ደግሞም ፈቃድ ልጠይቅ ካለች መዋሸቷን መናገሯ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የዚያ ሁሉ ሕግ አክባሪነት ግማሹ ከዚህች ከአንዲት ንግግር መሸሻ ነበር። ስንቶቻችን ነን ፈሪነታችንን ጨዋነት ብለን የምንጠራው?

በሚቀጥለው ዓርብ ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳት። አኮረፈች። ከዚያ ስልክሽን ስጪኝ አለች። የእኔን ቁጥር ስለማያውቀው አነሣው። “ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ፤ እንዳትዘጋው” አለችና ሁሉንም አንድ በአንድ ዘረገፈችው። አልሰማሁትም፤ ዋሽቼህ ነው፤ ስልኬ ላይ ልገልብጠው ፈቃድህ ይሁን አለችው።

“አንቺ ልጅ፣” አላት፣ “እናትሽን ለማልቀስ ነው ፈቃድ የምትጠይቂኝ?”

ሁለቱም ለቅሶ ጀመሩ። የሚበላው የእኔ ስልክ ሂሳብ ነበር፤ ቢሆንም ይብላው አልኩ።

ወዲያው ወደ ጠጋኙ ሄድን። ላስቲኩን በራሷ እጅ ቀደደችው። ጭኖላት ሲያበቃ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን አጥፋው ብላ፣ እስኪያጠፋ ቆማ አየችው። ወላሂ እንዲህ ያለች ደንበኛ አይቼ አላውቅም አለ። ከዚያ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ሰካች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ሦስተኛውን ዘፈን እየደጋገመች ሰማችው። ቀብር ላይ ያልደረሰች ሴት ለቅሶዋን እዚያ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ለቅሶ ነውና።

ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገች። ዋጋዬን እንኳ አገኛለሁ ብዬ፣ እስቲ ለእኔም በብሉቱዝ ላኪልኝ አልኳት።

“ግዢ!” አለችኝ።

ይኸው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እየጠበቅሁ ነው።